እትዬን «ወራሽሽ ማን ይሁን?» ብዬ የጠየቅኩ ቀን

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እንደ እናት ሆና ያሳደገቻችሁን ታላቅ እህታችሁን «ስትሞቺ የባንክ ሂሳብሽ ለማን ይሁን?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ካልጠየቃችሁ ተዉት፣ ይቅርባችሁ። ከጠየቃችሁ ደግሞ በየትኛው አፋችሁ እንዳወጣችሁት ንገሩኝ። እኔ አውጥቼው ያየሁትን አበሳ የምናውቀው እኔና የክሬሰንት ታውን ጎረቤቶቼ ብቻ ነን።

እትዬ ሙሉነሽን አታውቋትም። እናታችን ስትሞት እኔ ገና እድህ ነበር፤ እትዬ ትምህርቷን አቋርጣ አሳደገችኝ። ኋላ እሷና ባሏ ጋሽ ተካ ቶሮንቶ ቀድመው ገቡና እኔንም ጎትተው አመጡኝ። ልጅ አልወለዱም። ጋሽ ተካ ካረፈ፣ እኔም ከሚስቴ ጋር ከተለያየሁ ወዲህ፣ እትዬና እኔ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ተጠጋግተን እንኖራለን። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ጠዋት ልጆች አደርሳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ፤ መሀል ያለውን ጊዜ የእትዬ ሾፌር፣ የእትዬ አስተርጓሚ፣ የእትዬ ተጨቃጫቂ ሆኜ አሳልፋለሁ። በተለይ መጨቃጨቁን ሳናስቀር በየቀኑ እንሠራዋለን።

ነገሩ የጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ወንድም ሳይታመም ሳይተኛ በድንገት አረፈ። ዳንፎርዝ ጎዳና አጠገብ ያለው ቤቱ ተሰብስበን ተቀምጠናል። ሚስቱ ባሏን ማልቀሷ ሳያንስ ሌላ ጣጣ መጥቶባታል። የሰውዬው ሂሳብ በእሱ ስም ብቻ ስለነበር ባንኩ ቆልፎታል። ፍርድ ቤት «አዎ፣ ወራሹ እሷ ናት» ብሎ እስኪያጸድቅ አይከፈትም፤ ፕሮቤት ይሉታል። ፕሮቤቱ እስኪያልቅ ደግሞ አከራይ አይጠብቅም። ለኪራዩ ከምእመናኑ መዋጮ ሲሰበሰብ፣ ያቺ ኩሩ ሴትዮ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር።

እዚያው ከጎኔ ወንድም ግርማ ተቀምጧል። ወንድም ግርማ የሰዉን ሁሉ ታክስ የሚሞላ ሰው ነው። ታክስ ሲሞላ ስለሚኖር የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ለቅሶ ላይ ድምፁን አውጥቶ አያለቅስም እንጂ ድምፁን አውጥቶ ያስረዳል።

«ቤኒፊሸሪ፣ ማለት ወራሽ፣ አለማስሞላት ያመጣው ነው!» አለኝ ሻዩን እያማሰለ። «ታክስ ፍሪው፣ ግብር የማይነካው ሂሳብ ላይ ቤኒፊሸሪ ታስሞላለህ፣ አለቀ። ተራው ሂሳብ ላይ እሱ አይሠራም፤ እሱን ጆይንት፣ የሁለት ሰው፣ ታደርገዋለህ። አንዱ ሲሞት በቀጥታ ለሌላው ያልፋል፤ የፍርድ ቤት ደጅ አትረግጥም።»

«ንብረት በአደራ የሚያስይዙበት ትረስት የሚሉትስ ነገር?» አልኩት፣ ምንም የማያውቅ ላለመምሰል።

«የእትዬ ሙሉነሽን ሂሳብ ትረስት ልታስገባው? አንድ ኪሎ ሽንኩርት በከባድ መኪና ልታስጭን?»

ዙሪያችን ያለው ሰው ለቅሶውን ረስቶ ሳቀ። ባለ ለቅሶዋ ቀና ስትል ሁላችንም መልሰን አቀረቀርን።

ሰብዌዩ ባቡር ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ግን ሳቁ ጠፋ። እትዬ በሰው መዋጮ ስትቀበር ታየኝ። ቀጥሎ ደግሞ ባዶው አፓርትመንት ታየኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያስፈራኝ ሂሳቡ አልነበረም። እትዬ አንድ ቀን የማትኖር መሆኗን በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኩት ያን ዕለት ነው። ሽበቴን አስቡትና ታዘቡኝ።

አሁን አንድ ነገር ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በዚያው ሳምንት እትዬን ለደም ግፊቷ ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ሐኪማችን ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ወሬ ይወዳል። ግፊቷን ለካና ስለ በረዶው አወራ፣ ስለ መዝናኛ ጎጆ ቤቱ ጣሪያ አወራ፣ በመጨረሻም በዋዜማው ስለተሸነፈው የሆኪ ቡድናችን በሐዘን አወራ። እኔም የቡድኑ ደጋፊ ነኝና ራሴን እየነቀነቅኩ አብሬው አዘንኩ።

እትዬ እጀታዬን ጎተት አደረገች። «ምን አለ?»

«ደህና ነሽ አለ።»

«ያን ሁሉ አውርቶ ‹ደህና ነሽ› ብቻ?»

«አዎ፣ ደህና ነሽ።»

እኔ ነገሩን እዚያው ረሳሁት። እናንተም በእኔ ቦታ ብትሆኑ የሆኪ ውጤት ለሰባ ስምንት ዓመት ሴት አትተረጉሙም ነበር።

ከለቅሶው ማግስት ጉዳዩን በዘዴ ላነሳ ወሰንኩ። ዘዴዬን ስሙልኝ። መጀመሪያ ሱቅ ገብቼ ዋጋው የቀነሰ ሞቅ ያለ የክረምት ካፖርት ገዛሁላት። ከዚያ ምሳ ላይ ምንም ብትል አልተከራከርኩም። «ይህ ሥጋ ጠጥሯል» አለች፤ «ልክ ነሽ» አልኳት። «ቴሌቪዥኑ ይዘጋ» አለች፤ ዘጋሁት። «ሚስትህን ያባረርካት አንተ ነህ» አለች፤ እሱንም «ልክ ነሽ» ብዬ ዋጥኩት። ልቧ የለሰለሰ ሲመስለኝ እንዲህ አልኳት፦

«እትዬ፣ እንዲያው ለነገሩ ነው፤ ሁላችንም በዚህ ምድር ላይ እንግዶች ነን አይደል? እና ምናልባት፣ ዕድሜሽን ያርዝመውና፣ የባንክ ሂሳብሽ ላይ ወራሽሽ ማን ይሁን?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ካፖርቱን አየችው። እኔን አየችኝ።

«ሐኪሙ ምን አለህ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

እዚህ ላይ የእኛን ነገር ለማያውቅ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ዘንድ ክፉ በሽታ ለበሽተኛው አይነገርም፤ ለዘመድ ነው የሚነገረው። ዘመድ ይሰማል፣ ውጭ ወጥቶ ያለቅሳል፣ ፊቱን ታጥቦ ይገባና «ጨጓራ ነው አሉ፣ ወተት ጠጣ» ይላል። በዚህ አገር ሐኪሙ «ለራሱ ለበሽተኛው ነው የምናገረው» ብሎ ድርቅ ይላል። ግን በሽተኛው እንግሊዝኛ ካልቻለ የሚሰማው አስተርጓሚው ያለውን ነው። ጋሽ ተካን የሸኘነው እንዲያ ነው። ሐኪሙ ተናገረ፣ እኔ «ጨጓራ» ብዬ ተረጎምኩ፣ እውነቱን ኮሪደር ላይ ለእትዬ ነገርኳት። እሷም ዓይኗን ጠርጋ ትእዛዝ ሰጠች፦ «ጨጓራ ነው የምንለው። ሌላ ነገር የተነፈሰ ከእኔ ጋር ተጣላ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ተካን የሚከራከረው ጠፋ። አዲስ ሹራብ ተገዛለት። ጠዋት ማታ ወተት አጠጣነው። ወተት እኮ ነፍሱ አትወድም ነበር፤ ለእኛ ሲል ጠጣው።

እንግዲህ አስቡት። ሐኪሙ ብዙ አውርቶ እኔ በሁለት ቃል ተረጎምኩ፤ ፊቴም ጠቁሯል። ካፖርት ገዛሁ። መከራከር አቆምኩ። በዚህ ላይ ወራሽ ጠየቅኩ። ሥራውን ያስተማረችኝን ሴትዮ በራሷ ትምህርት ላታልላት የሞከርኩ መሰላት።

«እትዬ ሙች፣ ምንም የለብሽም!»

«አይዞህ» አለችኝ። «እኔም ለተካ እንዲሁ ብዬ ምዬለታለሁ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ እየሳቃችሁም ቢሆን እዘኑልኝ። እትዬ ለመሞት ተዘጋጀች። ስትዘጋጅ ደግሞ እንደ ሁሉ ነገሯ ሙያ አላት። ድስቶቿን ለጎረቤት አደለች። እኔ ከሥራ ስመለስ ሹሮ የምንሠራበት እንኳ አልቀረም። ካፖርቱን ከነወረቀቱ ጠቅልላ «መልሰው፤ ማን ሊለብሰው ነው» አለችኝ። እህት ታደለችንም ጠራቻት። ታደለች ማለት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በተሠራው ወጥ ላይ ጨው ደግማ ጨምራለች ተብላ ከእትዬ ጋር የተኮራረፈች ሴት ናት። ጸሎት ላይ እንኳ ጎን ለጎን አይቆሙም ነበር። አሁን እትዬ እጇን ይዛ «ጨውን የጨመርኩት እኔ ነበርኩ» አለቻት። ታደለች አንገቷን አቅፋ ስታለቅስ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፍቻለሁ። ስትወጣ ትልቁን ድስት ይዛ ወጣች።

ታደለች ያወቀችውን ቤተ ክርስቲያን አወቀው። እሑድ ከሰዓት የጸሎት ቡድኑ ቤታችን ሞላ። የእኛ ወንድሞችና እህቶች ሲጸልዩ እንደምታውቁት ነው፤ ሰማይ ሩቅ ስለሆነ ድምፅ አይቆጥቡም። «ካንሰር ሆይ ልቀቅ!» ይላሉ። የትኛው ካንሰር? ታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። እነሱም ሰይጣን የተናደደ መስሏቸው ይብስ ያበረቱታል። እትዬ መሀል ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተንበርክካ እንባዋ ይወርዳል። ልቤ ተሰበረ። የምታለቅሰው ለውሸት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔን ደግሞ የሚያምነኝ የለም።

ወንድም ግርማ ኮሪደር ላይ ይዞኝ ወጣ። «ስንት ጊዜ ሰጧት?»

«ወንድም ግርማ፣ ደህና ናት። ግፊቷ ትንሽ ነው፤ እሱም ተስተካክሏል።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ገብቶኛል። ጠንክር።»

«ደህና ናት እኮ ነው የምልህ! ወራሽ አስሞላ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ጎበዝ። ለሰው ሁሉ እንዲሁ በል። እኔም ምስጢር አላወጣም።»

ዳንፎርዝ ወርጄ ሥጋ ልገዛ ብል ባለ ሱቁ ገንዘቤን አልቀበልም አለ። «ለእማማ ሙሉነሽ ነው አይደል? መረቅ አድርግላቸው» ብሎ አጥንቱን ሁሉ ጨመረልኝ። አልቀበልም ብል ደግሞ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። እኔም በቃ አለቀስኩ። ሰው ሲያለቅስብኝ አልችልም።

ይባስ ብላ እትዬ ራሷ «ባንክ ውሰደኝ» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ነበር። በዘዴ ልጀምረው የነበረው ነገር ያለ ጭቅጭቅ ሊያልቅ ነው አልኩ። ባንክ ስንደርስ የገጠመችን እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት፤ ጨዋ ልጅ።

«እማማ፣ ጆይንት ለማድረግና ቤኒፊሸሪ ለመሙላት ነው የመጡት? ኦኬ። ግን እሳቸውን ለብቻቸው ማነጋገር አለብኝ» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ሲኒየሮችን፣ ትልልቅ ሰዎችን፣ ፋሚሊ ፕሬሸር እንዳያደርጋቸው፣ እንዳያስገድዳቸው ነው። ፖሊሲ ነው፣ ሶሪ።»

ውጭ ተቀመጥኩ። በመስታወቱ ውስጥ ይታየኛል። እትዬ ታወራለች፣ ልጅቷ ትጽፋለች። እትዬ ታወራለች፣ ልጅቷ መጻፍ አቆመች። እትዬ ደረቷን ይዛ ወደ እኔ ጠቆመች፣ ልጅቷ ሶፍት አወጣች። ለእትዬ ሰጠቻት ብዬ ሳስብ የራሷን ዓይን ጠረገችበት።

ከዚያ ልጅቷ ወጥታ «እማማ እየሞቱ እንደሆነና እርስዎ እንደደበቋቸው ነገሩኝ። አይ አም ሶ ሶሪ። ግን ዛሬ መፈረም አንችልም። ማናጀሬ ‹የታመመች ሴት እየተቻኮለች ነው› ይላል» አለችኝ። አጠገባችን የተሰለፉት ሰዎች አማርኛ ባይሰሙም ፊቷን አይተው እኔን በክፉ ዓይን አዩኝ። እህቱን ሊዘርፍ የመጣ ሌባ ሆኜ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ገብተን ጮህኩባት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም። «ካላመንሽኝ ሐኪሙ ራሱ ይንገርሽ!»

«እሱ ቢነግረኝስ የምትተረጉመው አንተ አይደለህ?» አለችኝ።

ለካ እኔና እሷ አንድ ጊዜ ለጋሽ ተካ የዋሸነው ውሸት እስከ ዛሬ መሀላችን ተቀምጦ ኖሯል። እኔ ይህን ያህል ዘመን ረስቼዋለሁ፤ እሷ ግን የሚረሳት ነገር አልነበረም። ሐኪም ቤት በገባን ቁጥር «እኔንስ መቼ ይሆን የሚዋሸኝ?» እያለች ስትጠብቅ ኖራለች።

ሐኪሙ ዘንድ ተመለስን። ጉዳዩን ባስረዳሁት ጊዜ ሰውዬው ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ስልክ ደውሎ በስልክ የምትተረጉም ሴት አገናኘን። እትዬ መጀመሪያ ስለ ጤናዋ አልጠየቀችም።

«ልጄ፣ ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ? ወንድሜን።»

«አላውቃቸውም፣ እማማ።»

«ቤተ ክርስቲያናችን ትመጫለሽ?»

«እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እማማ።»

እትዬ እፎይ አለች። «ተመስገን፤ እንግዲያ ግርማም አላገኘሽም። በይ፣ የሚለውን ሳትቀንሺ ንገሪኝ።»

ሐኪሙም ተናገረ፣ ሴትዮዋም ሳትቀንስ ተረጎመች። ግፊቱን፣ ጨው መቀነሱን፣ የዚያን ቀኑን የጎጆ ቤት ጣሪያ፣ ሆኪውንም ጭምር። እትዬ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረችና ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ።

«ድስቶቼን!» አለች። «ትልቁን ድስቴን!»

ሳቅን። ሐኪሙም ሳቀ፣ በስልክ ያለችውም ሳቀች። ከዚያ እትዬ ሳቋን ሳትጨርስ አለቀሰች።

«ማልልኝ» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የሚለውን ሁሉ፣ ስለ በረዶም ይሁን ስለ ሞቴ፣ ቃል በቃል ልትነግረኝ ማልልኝ። ተካ ያን ወተት ሲጠጣ ዓይኔን ዓይኔን ያየኝ ነበር። እንዲያ ሆኜ አንተን እያየሁ መሞት አልፈልግም።»

ማልኩላት።

ባንኩም በሳምንቱ ተቀበለን። ተራው ሂሳብ የሁለታችን ሆነ፤ አንዳችን ስንሞት ለሌላው እንዲያልፍ። ታክስ ፍሪው ላይ ወራሽ ማን ይሁን ስትባል «ከእሱ ሌላ ማን አለኝና» አለች፤ ምን ያስደንቃል በሚል ድምፅ። ልጅቷ ወራሽ የሚሆነውን ሰው ዝምድና ስትጠይቃት «ወንድሜ» ካለች በኋላ ትንሽ አሰበችና «ልጄም ነው፤ ሁለቱንም ጻፊው» አለቻት። እህት ታደለች ድስቱን አልመለሰችም። ዕርቁ ግን ጸና፤ ጎን ለጎን ይጸልያሉ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ወግ ለማውራት የሚመች ቦታ ነበር።

በመከር ወራት እትዬ ምግብ እምቢ ማለት ጀመረች። ቀሚሷ ሰፋባት። «እርጅና ነው» አለችኝ፤ እኔም ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ደም ወሰዱ፣ ፎቶ አነሱ፣ ሌላ ፎቶ አነሱ። ከዚያ ሐኪሙ ጠራን። ገብተን ስንቀመጥ ስለ በረዶ አላወራም። ስለ ሆኪም አላወራም። ወንበሩን ወደ እትዬ አቀረበና እሷን እያየ በቀስታ ተናገረ፤ አጭር ነበር። ጣፊያ አጠገብ ያለ ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል፤ ሕመሙን ማስታገስ እንጂ ማዳን አንችልም አለ። ስልኩን አንሥቶ የስልክ አስተርጓሚ ልጥራ ወይ ብሎ ጠየቀ። እትዬ ስልኩን አይታ ገባትና እጇን አወዛወዘች፤ አያስፈልግም ማለቷ ነው። ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አለ?»

ያን ጊዜ እውነቱን ስናገር አላመነችኝም። አሁን ብዋሽ ታምነኛለች። ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ። ምላሴ ላይ መጥተው ተቀምጠዋል። ደግሞ ማን ያውቃል፣ በእነዚያ ሁለት ቃላት ይህን ክረምት በደስታ ታሳልፈው ይሆናል። ዓይኗን አየሁት። አትለምነኝም፣ አታስፈራራኝም፣ ትጠብቀኛለች ብቻ።

ነገርኳት። ቃል በቃል፣ ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር። መሀል ላይ ድምፄ ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለቴም ጠበቀችኝ።

ሰምታ ስትጨርስ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «አመሰግናለሁ በለው» አለችኝ። ይህን መተርጎም አቃተኝ። ቆየች፣ ቆየችና በምታውቃት እንግሊዝኛ ራሷ «ታንክ ዩ፣ ዶክተር» አለችው።

አሳንሰሩን ስንጠብቅ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያያል። እትዬ እጄን ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«በቃ፣ አታልቅስ» አለችኝ። «አሁን ገና አመንኩህ።»